የሞተሩ ድምፅ ከየት ይመጣል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አሮጌ መኪና ሞተር ድምፅ ነው።

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና ከዶዮገና ገበያ ድንችና ስንዴ ጭኖ የሚወጣው መኪና ብዙውን ጊዜ አዲስ አይደለም። አሮጌ አይሱዙ ነው። ዱሮ ደግሞ ኤን ትሬ የሚባለው ፊያት ነበር። እንዲህ ያለው መኪና አንድ ቀን ከዚህ በፊት ያልተሰማ ድምፅ ያሰማል። ሾፌሩ ይደነግጣል፤ መካኒክ ይጠራል። መካኒኩም አንዳንዴ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት «ሞተሩ ይውረድ» ይላል። ሞተር ወረደ ማለት ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀን ነው። ድንቹ ደግሞ በጆንያ ውስጥ ሆኖ ብዙ አይጠብቅም። እርግጥ ነው፣ ሞተሩ መውረድ ያለበት ጊዜ አለ። ከመውረዱ በፊት ግን የመኪናው ባለቤት የሆነው ማኅበር ራሱ፣ ያለ ገንዘብ፣ ብዙ ነገር መለየት ይችላል።

አባቶችና እናቶች፣ ይህን ሥራ እናንተ ታውቁታላችሁ። በሬ ቢያነክስ ወዲያው አይታረድም። ዳገት ሲወጣ ነው የሚያነክሰው ወይስ ቁልቁለት ሲወርድ? ጠዋት ሲነሳ ነው ወይስ ሲውል? እየተባለ ይታያል። ሞተርም እንዲሁ ይታያል።

በመጀመሪያ ድምፁ የሞተር ነው ወይስ የጎማ? ይህን ለማወቅ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ከዚያ ሾፌሩ ነዳጅ ቀስ እያለ ይስጥ። ድምፁ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከፈጠነ ነገሩ ያለው ከሞተሩ ወይም ሞተሩ ላይ ከተሰቀሉት ዕቃዎች ዘንድ ነው። ቆሞ ሳለ ጠፍቶ ሲሄድ ብቻ ከመጣ ግን ሞተሩን ተዉት። የጎማውን ኩሽኔታ፣ ዲፈረንሻሉን፣ ባሌስትራውን ተመልከቱ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ከተለወጠ ደግሞ ካምቢዮውና የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ይጠረጠራሉ።

(እነዚህን ቃላት ስታነቡ ግራ አይግባችሁ። ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርራ ሳለችና ከዚያም በኋላ ከመኪናውና ከጋራዡ ጋር ገቡ። ጣሊያኑ ሄደ፤ ካቻቢቴው ቀረ።)

ድምፁ የሞተር ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ዘይት ይታይ። ሞተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። የዘይቱ መለኪያ ወጥቶ ይጠረግ፤ እንደገና ገብቶ ይውጣ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የናፍታ ሞተር ዘይት ቢጠቁር አያስደንግጥም፤ ይጠቁራል። ወተት እንደገባበት ቡና ከመሰለ ግን ውኃ ገብቶበታል። ከቀጠነና ናፍታ ናፍታ ከሸተተም ነዳጅ ወርዶበታል። በሁለቱም ጊዜ ሞተሩ አይነሳ።

ቀጥሎ ቺንጋው ነው። ሞተሩ ሲነሳ እንደ አሳማ ጩኸት ያለ ድምፅ ከመጣ፣ ቺንጋው ረግቦ ወይም አርጅቶ ሊሆን ይችላል። እንበል፣ ድምፁ ጩኸት ሳይሆን እንደ ድንጋይ ወፍጮ የሚፈጭ ነው። ሞተሩን አጥፉና ቺንጋውን አውጡ። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ብቻ አስነሱ። ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፤ ቺንጋው ሲወጣ ውኃ የሚያዞረው ፖምፓም ይቆማልና። ድምፁ ከጠፋ በሽታው የዲናሞው ወይም የውኃ ፖምፓው ኩሽኔታ ነው። ሞተሩን አጥፉና ሁለቱን በየተራ በእጅ አሽከርክሩ፤ የሚያንገራግረው እሱ ነው። እንግዲህ ይህን ሳያዩ ሞተር ማውረድ ቀንዱ ለተሰበረ በሬ ሆዱን መክፈት ማለት ነው።

አሁንም ካልጠፋ በበትር ይደመጥ። ክንድ የሚያህል ደረቅ የባሕር ዛፍ በትር ወይም ረጅም ካቻቢቴ ያዙ። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሌላውን ጫፍ ከጆሮ አጠገብ ካለው አጥንት ላይ አሳርፉ፤ ጆሮ ውስጥ አይግባ። በትሩ የሩቁን ድምፅ ትቶ የነካውን ቦታ ድምፅ ያመጣል። ቦታ እየለወጣችሁ ስሙ። ጋቢ፣ ነጠላና ሻሽ መጀመሪያ ይውለቅ፤ ቬንትሌተሩ ይዞ ይጎትታል። ቤት ዘግቶም ሞተር ማስነሳት አይገባም፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ከላይ በኩል ቀጭን «ቲክ ቲክ ቲክ» ከሰማችሁ ቫልቮላ ሊሆን ይችላል። ቫልቮላ የሚከፈተው ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ነው። ስለዚህ ድምፁ ከሞተሩ ዙር በግማሽ የዘገየ ነው። ቫልቮላውና የሚገፋው ብረት መካከል ትንሽ ክፍተት አለ፤ በብዙ አሮጌ የናፍታ ሞተር ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። የደብተራችሁ አራት ቅጠል አንድ ላይ ቢያዝ ያን ያህል ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ያንኳኳል። ይህ ይስተካከላል እንጂ ሞተር አያስወርድም።

የናፍታ ሞተር በተፈጥሮው ትንሽ እንደሚያንኳኳም እወቁ። እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት አይጫርለትም። አየሩ ከ16 እስከ 22 እጥፍ ተጨምቆ ይግላል፤ ናፍታው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዋቷ ብርድ ነው። በብርድ ጠዋት ጠንከር ብሎ አንኳኩቶ ሲሞቅ ለሚለሰልስ ሞተር አትደንግጡ። ከሞቀ በኋላም ጥቁር ጭስ እየተፋ ካንኳኳ ግን ናፍታ የሚረጨው ኖዝል ይመርመር። ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን ቱቦ እናንተ አትፍቱ። ናፍታው በከፍተኛ ኃይል ስለሚወጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እጅ እስከማስቆረጥ ያደርሳል።

አሁን ወደ ክፉው ድምፅ እንምጣ። ከታች በኩል ከባድ «ዱም ዱም» የሚል፣ ሞተሩ ሲሞቅና ዳገት ሲይዝ የሚብስ ድምፅ ነው። የዘይቱ መብራትም ቆሞ ሳለ ብልጭ ይላል። ይህ ብዙ ጊዜ የብሮንዚን ድምፅ ነው። ብሮንዚን ዋናውን ዘንግ የሚያቅፍ ለስላሳ ብረት ነው። ሲበላ ዘይት ያመልጣል፤ ዘይት ሲያመልጥ ይብስ ይበላል። እዚህ ላይ «ገበያ ደርሼ ልመለስ» የለም! ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ መኪናው ይጎተት። ከተነዳ የፒስቶኑ ክንድ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ሊበሳ ይችላል። ያኔ አይጠገንም።

መካኒኩ ብሮንዚን ነው ካለ ማረጋገጫ አለ። ዘይቱ ሲቀዳ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። ጨርቁ ላይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ የተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለውን ማግኔት አቅርቡለት። የብሮንዚኑ ፊት መዳብ፣ እርሳስና ቆርቆሮ የመሳሰሉት ስላሉበት ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ ከሳበው የተበላው ሌላ ብረት ነው።

እንግዲህ መጻፍ የተማረ ሰው ለመኪናው አንድ ደብተር ይያዝለት። ሾፌር ሲለወጥ የሰማው ድምፅ አብሮት ይሄዳል፤ ደብተሩ ግን ይቀራል። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

«ጥቅምት 4። ዘይት ልክ ነው። ጠዋት ድምፅ የለም። ከአንጋጫ ስንመለስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከታች ዱም ዱም አለ። ዳገት ላይ ባሰ። ቺንጋ ወጥቶ ታየ፤ ድምፁ አልጠፋም።»

ይህን ያነበበ ሰው ምን እንደተበላ ይገምታል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ገጹን ለመካኒኩ አንብቡለት። ሥራው ሲያልቅ የወጣው አሮጌ ዕቃ ለማኅበሩ ይመለስና ከደብተሩ ጋር ይቀመጥ።