ለሁሉም የሚሆን የሥራ ቦታ

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአብነት ሰፈር ከመርካቶ ጎን ያለ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት የሥራ ድምፅ የማይለየው ሰፈር ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ግርግር ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ስንገባ፣ ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ እያሉ ቀኑን ሙሉ በቤት የሚውሉ ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። ከእነርሱም መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ወይም የአእምሮ እድገታቸው ውስን የሆነ ይገኛሉ። ወላጆቻቸው በሸመገሉ ቁጥር «እኔ ካለፍሁ በኋላ ይህ ልጅ በምን ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳቸዋል። የዛሬው ትምህርታችን ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ስለሚሆነው ስለ ሥራ ነው።

1. ስለ እነማን እንናገራለን?

ኦቲዝም በመድኃኒት የሚድን በሽታ አይደለም፤ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። በንግግር፣ ከሰው ጋር በመግባባት፣ ድምፅንና ብርሃንን በመቀበል ረገድ ይገለጣል። መጠኑም ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ከቶ አይናገርም፣ ሌላው በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ይማራል። እርግማን ወይም የወላጅ ኃጢአት ውጤት ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን ፍጹም ስሕተት ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ባቀረቡ ጊዜ ጌታችን እንዳልተቀበላቸው እናስታውሳለን (ዮሐ. 9)።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከጓዳ ወደ አደባባይ እንዲወጣ ብዙ የደከሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ከዚያም በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን የመሰሉ፣ በወላጆች ጥረት የተቋቋሙ ድርጅቶች ተከተሉ። በዚያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረ ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ትናንት «የት ይማር?» የነበረው ጥያቄ ዛሬ «የት ይሥራ?» ሆኗል።

2. ሥራ የሚገባቸው ስለ ምንድን ነው?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት ሰው ሙሉ ሰብአዊ መብት ያለው መሆኑን አስተምረዋል። ሙሉ ጤናና ጉልበት ያለውን ብቻ ወደ ሥራ ማስገባት፣ ብርቱው በደካማው ላይ የሚፈጽመው አድልዎ መሆኑንም ገልጠዋል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አልራቀም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ሲደነግግ፣ የአእምሮ ጉዳትንም በትርጓሜው ውስጥ አካትቷል። አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው አመቺ እንዲያደርግ፣ የሚያስፈልገውንም ረዳት እንዲመድብለት አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 27ኛ አንቀጽ ስለ ሥራ መብት ይናገራል። ሆኖም አሠሪውና ሠራተኛው ካልተገናኙ አዋጁ ብቻውን ማንንም ወደ ሥራ አያስገባም።

3. መንገዱ ምንድን ነው?

ቀድሞ የነበረው ልማድ «መጀመሪያ ይሠልጥን፣ በኋላ ይቀጠር» የሚል ነበር። ብዙዎች ግን ሲሠለጥኑ ኖረው ሥራ ሳያገኙ ቀርተዋል። ስለዚህ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ሌላ መንገድ ተስፋፋ፤ ሰውየው በመጀመሪያ በእውነተኛው የሥራ ቦታ ይገባል፣ ሥራውንም እዚያው ይማራል። አንድ ደጋፊ ከጎኑ ሆኖ ሥራውን በጥቃቅን ደረጃ ከፍሎ ያሳየዋል፤ እየለመደም ሲሄድ ደጋፊው ቀስ በቀስ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በዴንማርክ የተመሠረተው ስፔሻሊስተርነ የተባለ ድርጅት ደግሞ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ጥንቃቄ በሚጠይቅ የኮምፒዩተር ሥራ ላይ ማሰማራት እንደሚቻል አሳይቷል።

ይህን ወደ አብነት እናምጣው። ቁልፍና ክር በቀለምና በመጠን መለየት የሚወድ፣ ንግግሩ ግን ጥቂት የሆነ አንድ ወጣት አለ እንበል። የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት በቃለ ምልልስ ቢፈትኑት ይወድቃል፤ ሁለት ሳምንት በሥራ ቢፈትኑት ግን ችሎታው ይታያል። የሚያስፈልገውም ብዙ ገንዘብ አይደለም፦

ሀ. ትእዛዝ አንድ በአንድና በግልጽ ቃል ይሰጠው፤ ቢቻል የሥራው ቅደም ተከተል በሥዕል ይለጠፍለት።
ለ. መቀመጫው ከጄኔሬተርና ከጩኸት ይራቅ።
ሐ. መብራት ሲጠፋ ወይም የበዓል ሰሞን ሥራ ሲበዛ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይነገረው።
መ. ሲቸገር የሚጠይቀው አንድ የታወቀ ሰው ይኑረው።
ሠ. ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድና የታክሲ አሳፈር ከቤተሰቡ አንዱ አብሮት እየሄደ ያለማምደው።

4. ምጽዋት አይደለም፣ ደመወዝ ነው

በዚህ ላይ በተለይ እናሳስባለን። እንዲህ ያለውን ሰው «እንደ ልጃችን ነው» እያሉ በምሳ ብቻ ለዓመታት የሚያሠሩ አሉ። ይህ ደግነት ቢመስልም የድካምን ዋጋ ማስቀረት ነው። ለሌላው ሠራተኛ የሚከፈለው ለእርሱም ይከፈል፤ ክፍያውም በገዛ እጁ ወይም በስሙ በተከፈተ የባንክ ደብተር ይድረሰው። አሠሪውም በበኩሉ ሥራን የመጠየቅ መብት አለው፤ ስሕተትን በእርጋታ ማረም ሠራተኛን ማክበር ነውና። ለወላጆችም እንላለን፦ «ይስቁበታል፣ ይጎዳብኛል» የሚለው ስጋታችሁ እውነተኛ ነው። ቤት ማስቀመጥ ግን ስጋቱን እናንተ ወደማትኖሩበት ጊዜ ያስተላልፈዋል እንጂ አያስቀረውም።

5. ከቁምስናችን ምን ይጠበቃል?

ከምእመናን መካከል ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ማተሚያ ቤት ወይም ስፌት ቤት ያላቸው አሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ የየቤቱን ችግር ከማንም በፊት ያውቃሉ። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት በጀት አይጠይቅም። የሰፈራችን ስም ምሳሌ ማለት ነውና፣ አንድ አሠሪ አንድን ሰው በአግባቡ ቢቀጥር ለጎረቤቱ አብነት ይሆናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን በቤት የሚውሉ እንዲህ ያሉ አዋቂዎች አሉን? ስማቸውንስ እናውቃለን?
2. እያንዳንዳቸው ምን መሥራት ይወዳሉ? ማን ጠይቋቸዋል?
3. በምናውቀው የሥራ ቦታ ለእነርሱ የሚስማማ የትኛው ሥራ አለ? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎናቸው የሚሆነውስ ማን ነው?