«ግሪንስሊቭስ»ን ማን ደረሰው?

በማስተማር ልምምዳችን ጊዜ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች «ግሪንስሊቭስ» የሚባለውን የእንግሊዝ ዜማ በአኮርዲዮን አሰማናቸውና «ደራሲው ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ነው» ብለን ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ከየት አመጣችሁት ብንባል መልስ አልነበረንም፤ ሲባል ሰምተን ነው እንጂ። መምህራችን ግን «ዜማው መቼ እንደታተመ ፈልጉና ኑ» አሉን። ፈለግን። ያገኘነው እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ የሞተው በ1547 ነው። የዘፈኑ ስም በመዝገብ የሚገኘው ደግሞ ሪቻርድ ጆንስ የተባለ የሎንዶን አታሚ በአታሚዎች ማኅበር ባስመዘገበበት በ1580 ነው። ንጉሡ ከሞተ 33 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው! በዚያ ላይ ዜማው የቆመበት የባስ አካሄድ ከኢጣሊያ የመጣ ሲሆን፣ እንግሊዝ አገር የገባው ከሄንሪ ሞት በኋላ መሆኑን የሙዚቃ ታሪክ አዋቂዎች ይናገራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያን ጊዜ የሚታተመው ግጥሙ እንጂ ኖታው አይደለም። ባላድ የሚባለው ዘፈን በአንድ ቅጠል ወረቀት ታትሞ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ከራስጌው «በእንዲህ ያለ ዜማ ይዘፈን» ይባላል፤ በቃ። ዜማውንማ ሕዝቡ ያውቀዋል። ግጥሙ በ1584 በአንድ መድበል ሲወጣም እንዲሁ ያለ ኖታ ነው። ኖታው የተረፈው ሉት የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች በእጃቸው ስለጻፉት ነው። ከነዚህ ደብተሮች አንዱ ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ተቀምጧል።

የጭፈራው ነገር የሚመጣው ከጆን ፕሌይፎርድ ጋር ነው። ይህ የሎንዶን መጽሐፍ ነጋዴ በ1651 የገጠር ጭፈራዎችን መጽሐፍ አወጣ። ንጉሡ ቻርልስ ከተገደለ ገና ሁለት ዓመቱ፣ ቴአትር ቤቶችም የተዘጉበት ዘመን ነበር፤ ሰውዬው ደፋር ነው። መጽሐፉ 105 ጭፈራዎች አሉት። ከላይ የዜማው ኖታ፣ ከታች ተጨፋሪዎቹ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያስረዳ ጽሑፍ። እንዲያው ለአስተማሪ የተዘጋጀ ይመስላል፤ እኛስ የትምህርት ዕቅዳችንን እንዲህ አሳጥረን ብንጽፍ?

«ግሪንስሊቭስ» ግን በመጀመሪያው እትም የለም። የገባው በ1686 በወጣው በሰባተኛው እትም ሲሆን፣ ስሙም ተለውጦ «ግሪንስሊቭስና ፑዲንግ ፓይ» ተብሏል። ከፕሌይፎርድ በኋላ ልጁ ሄንሪ፣ ከዚያም ጆን ያንግ መጽሐፉን እያሳደጉ እስከ 1728 ገደማ አሳትመውታል። በዚያው በ1728 ጆን ጌይ ዜማውን አዲስ ግጥም አልብሶ «የለማኞች ኦፔራ» ውስጥ አስገባው። ዊልያም ዲክስ በ1865 የጻፈው የገና ግጥምም በ1871 በወጣ የገና መዝሙሮች መጽሐፍ ውስጥ ከዚሁ ዜማ ጋር ታትሟል።

በመጨረሻው ሳምንት ወደ ክፍሉ ተመልሰን «ልጆች፣ ያን ቀን የነገርናችሁ ስሕተት ነው» አልናቸው። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ ማን ደረሰው?» አለች። አይታወቅም አልናት። ደብተሯ ላይ የንጉሡን ስም ሰርዛ «አይታወቅም» ብላ ጻፈች።