ሌላው ካላጨደ እኔም አላጭድም፦ የጋራ ሀብትና የሰው ውሳኔ በጓሳ

አንድ ሰው የጋራ ሀብትን ሲቆጥብ ወይም ሲያባክን ስናይ ምክንያቱን ከባሕርዩ እንፈልጋለን፤ «ጨዋ ነው» ወይም «ስግብግብ ነው» እንላለን። የሥነ ልቡናና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ግን በሙከራ የደረሱበት ውጤት ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራዋል። ከባሕርይው ሌላ፣ «ጎረቤቴ ምን ያደርጋል?» የሚለው ግምትም ውሳኔውን ይወስነዋል። ለዚህ ጉዳይ ከመንዝ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጓሳ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ውርጫማ ምድር ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል፤ ስሙን የሰጠው ሣር ደግሞ ለቤት ክዳን ይፈለጋል። በትውፊት እንደሚነገረው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቦታው «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ይተዳደር ነበር። ባለመብቶቹ የአቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሲሆኑ፣ የመረጧቸው አለቆች መሬቱን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉታል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ከዚያም እንደገና ይዘጋል። ጥበቃው የባለመብቶቹ የራሳቸው ነበር፤ ደንብ የጣሰም ይቀጣል።

አሁን ጉዳዩን በቁጥር እንየው። አራት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 10 ብር ይዘዋል እንበል። ወደ ጋራ ሣጥን የገባው ገንዘብ በእጥፍ አድጎ ለአራቱም እኩል ይከፋፈላል። ሁሉም ያላቸውን ቢሰጡ 40 ብሩ 80 ይሆንና ለእያንዳንዳቸው 20 ብር ይደርሳል። አንዱ ገንዘቡን በኪሱ ቢያስቀር ግን 30 ብር 60 ሆኖ ለእያንዳንዱ 15 ይደርሳል፤ የደበቀው 25 ብር ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ቢደብቁስ? በያዙት 10 ብር ብቻ ይቀራሉ። አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ያለው በዚሁ ስሌት ነው። በእኔ እምነት የሃርዲን እረኞች ዋና ጉድለታቸው እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ነው፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ሳይማከር ሣር አያጭድም ነበር።

በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ተመሳሳይ ጨዋታ ሰዎች እንደ ስሌቱ ብቻ እንደማይሄዱ አሳይቷል። ሲሶ ያህሉ ምንም አልሰጡም፤ ግማሽ ያህሉ ግን ሌሎች በሰጡ መጠን የራሳቸውን ስጦታ አሳድገዋል። እነዚህን «ከሰጣችሁ እሰጣለሁ» ባዮች እንበላቸው። ባሕርያቸው እንደ ፊዚክሱ ግብረ መልስ ነው፤ አንድ ቆጣቢ ሌላውን ይወልዳል፣ አንድ ሌባም እንዲሁ።

ይህ ከቤተ ሙከራ ውጭ ይሠራልን? መልሱ የመጣው ከራሳችን አገር፣ ከባሌ ነው። ሩስታጊ፣ ኤንግልና ኮስፌልድ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖችን በዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈትነው ውጤቱን ከየደናቸው ይዞታ ጋር አነጻጸሩ። «ከሰጣችሁ እሰጣለሁ» ባዮች በሚበዙበት ቡድን ደኑ በተሻለ ሁኔታ ተገኝቷል። ምክንያቱ በከፊል ጥበቃው ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደኑን በመቃኘት ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ። ይህን ልብ በሉ፤ ጥበቃ ራሱ ጊዜና ድካም የሚጠይቅ ስለሆነ የጋራ ሣጥኑን ያህል የሚያስለግም ሥራ ነው።

ወደ ጓሳ እንመለስ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ያለ ገደብ ይቆረጥ ጀመር። የሰዉ ሥነ ምግባር በአንድ ጀንበር አልተለወጠም፤ «ሌላው ይጠብቃል» የሚለው እምነት ግን መሠረቱን አጣ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ከየቀበሌው ተወካዮች መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ።

ፈላስፋው ካንት ይህን ቢሰማ «ሌላው ስለጠበቀ የሚጠብቅ ሰው ምኑ ጨዋ ነው?» ሳይል አይቀርም ነበር። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቄሮ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነውን ጎረቤት ከሣሩ አግልሎት ነበር፤ ለዚያ ሰው የ1967ቱ አዋጅ ጥፋት ሳይሆን መብት ነው። መተማመኑ የጸናው ክቡ ጠባብ ስለነበር ይሆን? አዲሱ ሥርዓት ክቡን አስፍቶታል፤ በሰፊ ክብ ውስጥ ያው እምነት ምን ያህል እንደሚጸና የሚፈተነው እዚያው ጓሳ ላይ ነው።