የነጋዴ መዝገብ የሚያርፍበትን ተነቃይ ዲስክ ስለ መከፋፈልና ስለ ማዘጋጀት

የነጋዴ ሀብት በመደብሩ የተደረደረው ዕቃ ብቻ አይደለም። በዱቤ የወጣውን፣ ከአስመጪ የተረከበውንና ለመንግሥት የሚከፈለውን ግብር የሚያስታውቀው መዝገብም ሀብቱ ነው። ዕቃ ቢጠፋ በሌላ ዕቃ ይተካል፤ የዱቤ መዝገብ የጠፋበት ነጋዴ ግን ከማን ምን ያህል እንደሚቀበል የሚያስረዳበት ማስረጃ አይኖረውም። በዛሬው ጊዜ ይህ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር፣ ከኮምፒዩተርም ወደ ተነቃይ ዲስክ እየተዛወረ ስለ ሆነ፣ ዲስኩን በሥርዓት የማዘጋጀት ዕውቀት ለንግድ ማኅበረሰባችን እጅግ ያስፈልጋል።

ይህ ዕውቀት በተለይ እንደ ፑኝዶ ባለ ስፍራ ለሚነግድ ሰው ይጠቅማል። ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው በዚህች የጎግ ወረዳ ከተማ ዲስክ ቢበላሽ ባለሙያ ከሩቅ መጥራት ግድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዳት እንዳይደርስ አስቀድሞ መጠንቀቅ፣ ከደረሰ በኋላ ጠጋኝ ከመፈለግ ይቀላል።

ስለ ተነቃይ ዲስክና ስለ ዩኒክስ

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረ የኮምፒዩተር ማስተዳደሪያ ሥርዓት ነው። በእርሱ አርአያ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ ስለሚገኝ በብዙ መሥሪያ ቤት ይሠራበታል።

ዩኒክስ ገና በልጅነቱ የሠራው በተነቃይ ዲስክ ነበር። በፒ-ዲ-ፒ 11 ኮምፒዩተር ላይ ይገባ የነበረው አር-ኬ 05 የተባለ ካርትሪጅ፣ ማለትም በልባስ ውስጥ የተዘጋ ዲስክ፣ የሚይዘው ወደ 2.5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት የወጣው ዚፕ ካርትሪጅ 100 ሚሊዮን፣ ጃዝ የተባለውም 1 ቢሊዮን ያህል ይይዙ ነበር። እነዚህ ካርትሪጆች ዛሬ ከገበያ ወጥተዋል፤ በቦታቸው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ፍላሽ ገብተዋል። ይሁን እንጂ የአከፋፈሉና የአዘገጃጀቱ ሥርዓት በመሠረቱ አልተለወጠም።

መከፋፈልና ፎርማት ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው

ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለት ሥራዎች እንደ አንድ ይቈጥሯቸዋል። ልዩነታቸውን ከአገራችን የንግድ ታሪክ በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድ፣ በወንዙ በኩል ያለው የመሬቱ ርዝመት ከ2000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ይህ ድንበርን መወሰን ነው። ከዚያ በኋላ በጋምቤላ መጋዘን መሥራትና ዕቃውን በየስፍራው መደርደር ሌላ ሥራ ነው።

ዲስክም እንዲሁ ነው። መከፋፈል ማለት «ከዚህ እስከዚህ አንደኛው ክፍል፣ ከዚያ እስከዚያ ሁለተኛው» ብሎ ድንበር መትከል ነው። በቀድሞው ልማድ የድንበሩ ዝርዝር የሚጻፈው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለች 512 ባይት በምትይዝ አንዲት ቦታ ስለ ሆነ ከ4 ዋና ክፍሎች በላይ አይቀበልም። ጂ-ፒ-ቲ የተባለው አዲሱ ሥርዓት ግን ብዙ ክፍሎችን ይቀበላል። ፎርማት ማድረግ ደግሞ በአንዱ ክፍል ውስጥ መደርደሪያና የዕቃ መዝገብ ማቆም ነው። አዲስ መዝገብ በአሮጌው ላይ ሲጻፍ የቀድሞው ዕቃ የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ/ ቅጂ ማውጣት። በዲስኩ ላይ አንዳች የሚፈለግ ነገር ካለ አስቀድሞ ወደ ሌላ ስፍራ ይቀዳል፤ የተቀዳውም ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጣል።

2ኛ/ ስሙን ማረጋገጥ። ዩኒክስ ማናቸውንም ዲስክ «ዴቭ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ በስም ያስቀምጠዋል። በሊኑክስ አንደኛው ዲስክ «ኤስ-ዲ-ኤ»፣ ሁለተኛው «ኤስ-ዲ-ቢ» እየተባለ ይሄዳል። ስሙ ግን ለዲስኩ ለዘለቄታው የተሰጠ አይደለም፤ መኪናው ዲስኮቹን ባገኘበት ተራ የሚሰጥ ስለ ሆነ ዛሬ «ቢ» የነበረው ነገ «ሲ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ሳይገባ «ኤል-ኤስ-ብሎክ» የሚለው ትእዛዝ ይሰጣል፤ ዲስኩ ከገባ በኋላ እንደገና ይሰጣል። በሁለተኛው ዝርዝር አዲስ የታየው ስም የሚፈለገው ዲስክ ነው። መጠኑም በዲስኩ ልባስ ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳከራል። ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚደርሰው በዚህ ስፍራ ነው፤ አንዲት ፊደል በመሳሳት የኮምፒዩተሩን ዋና ዲስክ መደምሰስ ይቻላልና።

3ኛ/ መከፋፈል። ዲስኩ ተገጥሞ የተከፈተ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይፈታል። ከዚያም በአስተዳዳሪው፣ ማለትም በ«ሩት» ሥልጣን «ኤፍዲስክ» የሚለው ትእዛዝ ከዲስኩ ስም ጋር ይጻፋል። በውስጡ የ«ፒ» ፊደል ያለውን ክፍል ያሳያል፤ «ኤን» አዲስ ክፍል ያበጃል፤ «ደብልዩ» የተወሰነውን በዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ «ኪው» ሳይጽፍ ይወጣል። «ደብልዩ» እስኪሰጥ ድረስ በዲስኩ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው «ኪው» ብሎ መውጣት ይገባዋል።

4ኛ/ ፎርማት ማድረግ። «ኤም-ኬ-ኤፍ-ኤስ» የሚለው ትእዛዝ የሚሰጠው ለመላው ዲስክ ሳይሆን ለክፍሉ ነው፤ ይኸውም በስሙ መጨረሻ ቍጥር ላለበት፣ እንደ «ኤስ-ዲ-ቢ 1» ላለው ነው። በዚያው ጊዜ ለክፍሉ መለያ ስም መስጠት በኋላ ከመምታታት ያድናል።

5ኛ/ መግጠምና መፈተን። «ማውንት» በሚለው ትእዛዝ ክፍሉ ይገጠማል። አንድ ፋይል ይቀመጥበታል፤ ዲስኩ ተፈትቶ ዳግመኛ ከተገጠመ በኋላ ፋይሉ ይነበባል።

6ኛ/ ሳይፈቱ አለመንቀል። ዩኒክስ ሥራ ለማፋጠን የተጻፈውን ለጥቂት ጊዜ በማስታወሻው ይዞ ይቈያል። «ዩማውንት» የሚለው ትእዛዝ ተሰጥቶ ሳይጠናቀቅ ዲስኩን የነቀለ ሰው ተጻፈ ያለው ሒሳብ ሳይጻፍ ሊቀርበት ይችላል።

ክፍሎቹን ለምን ተግባር እንደሚመድቡ

በሊኑክስ ብቻ ለሚሠራበት መዝገብ «ኢ-ኤክስ-ቲ 4» የተባለው የፋይል ሥርዓት ይስማማል። መብራት በድንገት ሲጠፋ የመደርደሪያው ሥርዓት እንዳይፈርስ የሚረዳ የውሎ መዝገብ አለውና። ይህ ግን ገና በዲስኩ ላይ ያልተጻፈውን ሒሳብ አያድንም። በዊንዶውስ ለሚሠራ ሒሳብ ዐዋቂ የሚላከው ፋይል በሁለተኛው ክፍል በ«ፋት 32» ወይም በ«ኤክስፋት» ቢቀመጥ ይሻላል። «ፋት 32» ግን 4 ጊጋባይት የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም።

በዚህ ነገር ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሒሳቡን በአንደኛው ክፍል፣ ቅጂውንም በዚያው ዲስክ በሁለተኛው ክፍል ያኖረ ነጋዴ ሁለት መዝገብ ያለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዲስኩ ቢወድቅ፣ ቢሰረቅ ወይም ውኃ ቢገባበት ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎችን አንድ እሳት እንደሚያቃጥላቸው ያለ ነው። መከፋፈል ሥርዓት እንጂ ዋስትና አይደለም። ዋስትናው ሁለተኛ ዲስክ ነው፤ እርሱም ከመደብሩ ውጭ፣ ከሙቀት፣ ከአቧራና ከእርጥበት ርቆ የተቀመጠ መሆን አለበት።

አሮጌ ካርትሪጅ ያለው ሰው

በመሳቢያው የቈየ ዚፕ ካርትሪጅ ያገኘ ነጋዴ ወይም ላኪ ፎርማት ለማድረግ አይቸኵል። በፋብሪካ ለግል ኮምፒዩተር የተዘጋጀው ዚፕ ካርትሪጅ ብዙውን ጊዜ መዝገቡን የሚይዘው በክፍል 1 ሳይሆን በክፍል 4 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ክፍል 1ን ፈልጎ ሲያጣ ዲስኩ ባዶ ነው ብሎ ይደመስሰዋል። ካርትሪጁ ለንባብ ብቻ ተብሎ ይገጠም፤ በውስጡ ያለውም ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳ። ማንበቢያው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ደጋግሞ ካሰማ ሌላ ካርትሪጅ አይግባበት፤ የተበላሸ ማንበቢያ ደኅናውን ካርትሪጅ ሊያበላሽ ይችላልና።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በሦስት ቃል ይጠቃለላል፤ አስቀድሞ መቅዳት፣ ቀጥሎ ስሙን ማረጋገጥ፣ በመጨረሻ መከፋፈል። ይህን ተራ የጠበቀ ነጋዴ ዱቤ የወሰደ ደንበኛው ሊከፍል በመጣ ጊዜ፣ ግብር አስከፋዩም መዝገብ በጠየቀ ጊዜ፣ መልሱን በእጁ ያገኘዋል።