ከጎደሬ ቡና ልኮ ዕቃ ለማስገባት፦ ከጭነቱ በፊት ወረቀቱ

በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት ጀልባዎች ጋምቤላ ላይ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የዛሬው ጭነት ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በአዲስ አበባ በኩል እስከ ጅቡቲ ይጓዛል። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ወረቀት መጉደሉ ከአንድ ጆንያ ቡና መጉደል ይከፋል።

የመዠንግር ዞንን የጎደሬ ቡና ሊልክ ያሰበ ነጋዴ ሥራው ከፈቃድ ይጀምራል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ምዝገባ ብቻ አይበቃም፤ የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ውል ይመጣል። ዋጋው «ኤፍኦቢ ጅቡቲ» ከተባለ ቡናው መርከብ ላይ እስኪጫን ያለው ወጪ የሻጩ ነው፤ የመርከቡ ኪራይ የገዢው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አብዛኛውን ጊዜ 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ ማለትም 192 ኩንታል ይይዛል። ሠላሳ ኩንታል ብቻ የሰበሰበ ሰው ታዲያ ለብቻው ከሚንገታገት ከሌሎች ጋር ቢያዋጣ ወይም ለላኪ ቢሸጥ ያዋጣዋል።

ክፍያው ጥንቃቄ ይሻል። ገዢው አዲስ ከሆነ ኤልሲ ይመረጣል፤ ሰነዶቹ በውሉ መሠረት እስከተሟሉ ድረስ ለክፍያው ባንክ ይቆማል። ሰነድ በባንክ በኩል ተልኮ ገዢው ከፍሎ የሚረከብበት ሲኤዲ ርካሽ ነው፤ ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ግን ቡናው ባሕር ማዶ ወደብ ላይ ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ውሉ ተመዝግቦ፣ ናሙናው ተቀምሶ ደረጃ ሲወጣለት፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የሥሪት አገር ማረጋገጫ ይወጣሉ። ከዚያ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ አስፈጻሚው) የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ያቀርባል። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ነው።

ማስገባት ላይ ሒሳቡ ይጠናል። መጀመሪያ የዕቃው የታሪፍ ቁጥር ይታወቅ፤ የቀረጡ ልክ ከዚያ ይነበባል። ቀረጡ የሚሰላው በሲአይኤፍ፣ ማለትም በዕቃው ዋጋ ላይ ኢንሹራንስና የማጓጓዣ ኪራይ ተደምሮ ነው። ሲአይኤፉ 100,000 ብር፣ ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን 20,000 ብር ይከፈላል። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚያርፈው ግን በ120,000 ላይ ነው፤ 18,000 ብር። ኤክሳይዝ ወይም ሱር ታክስ የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ገና ይጨምራል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው መቶኛዎቹን ደምሮ በዕቃው ዋጋ ብቻ ሲያባዛ ነው።

ምንዛሪውም አይረሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። የታሪፉ መቶኛ ባይነካም በብር የሚቆጠረው ቀረጥ አብሮ አደገ። ስለዚህ ትዕዛዝ ሲሰጥ የተሠራ ሒሳብ ዕቃው ሊገባ ሲል እንደገና ይሠራ።

ጉምሩክ የኢንቮይሱን ዋጋ ከተጠራጠረ ማስረጃ ይጠይቃል። የባንክ ክፍያው ሰነድ፣ ውሉና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ በአንድ ፋይል ከትራንዚተሩ ጋር ይሁኑ፤ ዋናው ወረቀት ጋምቤላ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ መጋዘን ኪራይ መቁጠር የለበትም።