ካርዱ ይቆይህ፣ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ጎን ክፈተው

ቆይ፣ ያንን ቴሌግራም ዝጋውና ስማኝ ወንድሜ። ለካርድ ሻጩ ሰውዬ ቀብድ እንዳትልክ። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ወገብህ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብለህ ያመጣሃት ብር ናት፤ ከእጅህ ከወጣች ሌላ የምታገኘው በሚመጣው ጥቅምት ነው። ግራፊክስ ካርድ መጨረሻ የሚገዛ ዕቃ ነው።

ጌሙ ሲጀምር ደህና ሄዶ ሩብ ሰዓት ሲቆይ የሚንተፋተፈው ለምን ይመስልሃል? የካርድ ነገር ብቻ ቢሆን ገና ሲከፈት በተንቀራፈፈ ነበር። ዘግይቶ ከመጣ ሙቀቱን ጠርጥር። ሲፒዩው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋኑ ደግሞ የክፍሉን አየር ነው የሚያራግበው፤ አየሩ ራሱ የጋለ ከሆነ ምን ያድርግ? ጎንደር፣ 22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 70 የሚያሳይ ማሽን፣ እዚህ መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 በላይ ሲሆን፣ ያውም ቆርቆሮ ሥር፣ 90 ቢደርስ አይግረምህ። በቪዲዮ የሚመክሩህ ልጆች ይህን አያነሱልህም፤ እነሱ ያሉበት አገር አይሞቅም።

እና ዛሬ ገመዱን ንቀልና ጎኑን ክፈተው። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አውጣው። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር ላስነፋው ካልክ፣ ታንከሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማልና መጀመሪያ አየሩን ውጭ ያስወጡልህ፤ ሲነፉት ደግሞ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ አለዚያ ከልክ በላይ ይሽከረከርና ይበላሻል። ከዚያ የሲፒዩውን ማቀዝቀዣ አንሥተህ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ጥረግና አዲስ ቀባ። አንዲት ትንሽ ቲዩብ ለብዙ ጊዜ ትበቃሃለች። ማሽኑን ከመሬት አንሥተህ ጠረጴዛ ላይ አድርገው። አየር በሚስብበት በኩል ካረጀ አጎበር ቁራጭ ወጥርበት፤ በየሳምንቱ እጠበው።

ሁለተኛው ችግር መብራት ነው። ሲሄድ ገመዱን ከግድግዳው ንቀል፤ ሲመጣም ተሽቀዳድመህ አትሰካ፣ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከካርዱ በፊት ስታቢላይዘር ብትገዛ ደስ ይለኛል። ያገለገለ ዩፒኤስ ካገኘህ ባትሪው እንዳልሞተ ሳታይ ብር አታውጣ።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ያንተ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፤ ኮር አይ5 3470 እና አንድ ባለ 4 ጊጋ ራም አለው። ለዕድሜው ሲፒዩው አያሳፍርም። ሌላ 4 ጊጋ ጨምርለት። ራሞቹ ሁለት ሲሆኑ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ። ካርድ የሌለው ማሽን ምስሉንም የሚያወጣው ከዚሁ ራም ተበድሮ ስለሆነ ልዩነቱን ጌሙ ላይ ታየዋለህ። ዲዲአር3 የሚለውን፣ ረጅሙን የዴስክቶፕ ራም ግዛ፤ አጭሩ የላፕቶፕ ነው፣ ዲዲአር4ም አይገባልህም።

ከራሙ ቀጥሎ ኤስኤስዲ ነው፤ 256 ጊጋ ይበቃሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ የጌሙን ፍጥነት አይጨምርም፤ ግን ዊንዶውሱ ቶሎ ይነሣል፣ የጌሙም መክፈቻ ያጥራል። ፔስ 2017 ትንሽ ቦታ ነው የሚፈልገው፤ ጂቲኤ 5 ግን ብቻውን 100 ጊጋ ያልፋል። ስለዚህ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አትጣለው፣ ለፊልምና ለማትከፍታቸው ጌሞች ይሁን። በዳታ አውርደህ አትችለውም፣ ጎንደር ስትሄድ ከጓደኞችህ በኤክስተርናል ቅዳ።

ካርዱ ጋ ስትደርስ ግን ረጋ በል። የዚህ ማሽን ፓወር ሳፕላይ በትልቁ ሣጥን 275 ዋት፣ በቀጭኑ 240 ዋት ነው። ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚጠይቅ ካርድ አይሆንህም። የሚሆንህ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው፤ በፈረንጆች 2016 የወጣ፣ 4 ጊጋ ያለው፣ 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ የሚስብ። እሱ ከከበደህ የ2014ቱ 750 ቲአይ በ60 ዋት ይሠራል። ያንተ ቀጭኑ ሣጥን ስለሆነ አጭር ቁመት ያለውን ካርድ ነው የምትጠይቀው። ረጅሙን ገዝተህ መጥተህ ክዳኑ አልዘጋ እንዳይልህ። ጂቲ 1030 ቢሰጡህ ደግሞ ጂዲዲአር5 ያለውን ምረጥ፤ ዲዲአር4 ያለው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በጣም ደካማ ነው።

ሰውዬው 1050 ቲአይ ነው ያለህን በቃሉ አትመን። የአሮጌ ካርድ ሶፍትዌር ለውጠው በዚህ ስም የሚሸጡ አሉ። ጂፒዩ-ዚ የምትባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። የተቀየረ ካርድ ካገኘች ስሙ ፊት ሐሰተኛ ብላ በእንግሊዝኛ ትጽፍበታለች። ሻጩ አላስፈትሽም ካለህ ጥለኸው ውጣ። ከቻልክ ማሽኑን ጠቅልለህ ይዘኸው ሂድና እሱው ላይ ተሰክቶ ለግማሽ ሰዓት ጌም ሲሠራ አይተህ ክፈል። ካርድ ሊሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ አምስት ደቂቃ ምንም አያሳይህም።

ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ ብለህ ለማንም ገንዘብ አትክፈል። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ በታች ላሉት በአብዛኛው ድጋፍ አይሰጥም፣ ያንተ 3ኛው ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 2018 ላይ በእኛ አቆጣጠር አብቅቷል። ድጋፍ የሌለው ዊንዶውስ ለሌባ የተጋለጠ ነው፤ ስለዚህ ይህ ማሽን ለጌም ይሁን፤ የባንክህን ነገር በስልክህ ጨርስ።

በል አሁን ገመዱን ንቀልና ጎኑን ክፈት። ራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብልኝ፣ እኔ ልጻፈው፤ ጎንደር ስመለስ አቻውን እፈልግልሃለሁ።