ሰውዬው የት አለ?

ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብለህ «ፊቸር መጻፍ እወዳለሁ፤ ግን እዚህ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የምትል ወጣት፣ ይህ ላንተ ነው። ላንቺም።

እኔም እንዲያ ስል ነበር። የመጀመሪያ ፊቸሬ ስለ ገበሬ ኑሮ አራት ገጽ ነበር፤ አንድም ገበሬ ግን አልነበረበትም። አዘጋጁ ወረቀቱን መለሰልኝና «ሰውዬው የት አለ?» አለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሰውዬውን ፍለጋ ወጣሁ።

ዜና የሆነውን ይነግራል፤ ፊቸር የደረሰበትን ሰው ያስተዋውቃል። «የድንች ዋጋ ጨመረ» ዜና ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ በውድቅት ተነስተው፣ ድንች በአህያ ጭነው ገበያ የደረሱት እናት ግን ፊቸር ናቸው። አህያዋ የትኛው ዳገት ላይ እምቢ አለች? ከሽያጩ ለየትኛው ልጅ ደብተር ተገዛ? የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው ብትል አንባቢህን አይበርደውም፤ የእናትዬዋን የተሰነጣጠቀ እጅ ብታሳየው ግን ጋቢውን ይስባል።

አጠያየቅም አለው። «እናቴ፣ ኑሮ እንዴት ነው?» ካልካቸው «ተመስገን» ይሉሃል፤ አለቀ። «ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሱ? ማን ሸኘዎት?» በላቸው። ከዚያ ዝም በል። ዝምታ ለጋዜጠኛ ከባድ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

የጎጃም ልጅ ከሆንክ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ደጅህ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናቸው። የቅኔ ተማሪ በመወድስ አይጀምርም፤ በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ብቻ ይጀምራል። ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያሰናዳል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማቅረብ ደግሞ ነውር ነው። አንተም በጉባኤ ቃና ጀምር፦ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ሁለት አንቀጽ። ለማይራራልህ ሰው አንብብለት። ሲያርምህ አታኩርፍ (እኔ አኩርፌ ነው ሁለት ቀን የከሰርኩት)።

ሐዲስ አለማየሁም ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ከቅኔ ቤት የወጡ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ተወልደው፣ ዲፕሎማት ሆነው ዋሽንግተንንና ለንደንን አይተዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ልብ ወለዳቸውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን የጀመሩት ከዚሁ ከጎጃም፣ ከማንኩሳ ነው። «እዚህ ምን አለ?» አላሉም።

አንድ ልዩነት ግን አትርሳ። ልብ ወለድ ጸሐፊ የአህያዋን ቀለም መፍጠር ይችላል፤ አንተ አትችልም። ካላየህ አትጻፍ፤ ከረሳህ ተመልሰህ ጠይቅ። እናትዬዋ ስማቸው እንዳይወጣ ከፈለጉም አታውጣ።

እንግዲህ በመጪው የገበያ ቀን ማልደህ ውጣ። እስክሪብቶ ሁለት ያዝ፤ በደጋ ብርድ አንዱ እምቢ ይላል።